ምርቃት የበዛበት ዕቃ

ሰው ገበያ በወጣ ቍጥር ሳያውቀው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህ ዕቃ የተጠየቀበትን ዋጋ ያወጣልን?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሸማችና የነጋዴ ብቻ መስሎ ስለሚታይ ስለ ግብረ ገብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል። እኔም አልፈው ነበር። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ክረምት በሰፈሬ በኮልፌ ቀራንዮ አንዲት ጐረቤቴ ምክር ጠየቀችኝ፤ የሰጠኋትም ምክር ገንዘብዋን አጠፋባት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም በቅርብ ጊዜ ወይ ራስህ ትገዛለህ፥ ወይ ሌላ ሰው «ልግዛው ወይ?» ብሎ ይጠይቅሃልና እባክህ ጥቂት ታገሠኝ።

አስቀድሜ ስለ ምርቃት ልናገር። በቋንቋችን «መረቀ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲባርክ መረቀ ይባላል፤ ቆሎ ሻጭዋም ስኒውን ሞልታ በወረቀቱ ላይ ከገለበጠች በኋላ በጣቶችዋ ቈንጥራ ስትጨምር መረቀች ይባላል። «እስቲ መርቂልኝ» እንላታለን። ሁለቱ ነገሮች ባንድ ቃል መጠራታቸው እንዲያው በዋዛ የመጣ አይመስለኝም። ሽማግሌው የሚመርቀው ሥራው ከተፈጸመ፥ ማዕዱም ከተነሣ በኋላ ነው፤ ቆሎ ሻጭዋም የምትመርቀው ስፍሩ ከሞላ በኋላ ነው። ሁለቱም የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ስኒው ሳይሞላ የሚጨመር ቍንጥር ግን የጐደለውን መሙያ እንጂ ምርቃት አይደለም። ስኒው ቂጡ ወፍራም፥ ሆዱ ጠባብ የሆነ እንደ ሆነማ ያ ቍንጥር ዐይን መሸፈኛ ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1266 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የወጣ ሕግ ክብደት የሚያጐድለውን ዳቦ ጋጋሪ ይቀጣ ስለ ነበር፥ ጋጋሪዎቹ ቅጣቱን ፈርተው ደርዘን ለሚገዛ ሰው ዐሥራ ሦስት ዳቦ መስጠት እንደ ጀመሩ ይነገራል። ዐሥራ ሦስተኛው ዳቦ ከደግነት ሳይሆን ከፍርሃት የመጣ ነው። ቢሆንም ዐሥራ ሁለቱ ሙሉ እንዲሆኑ የሚጠብቅ ነበርና አሁን ከምነግርህ ምርቃት እጅግ ይሻላል።

ጐረቤቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች በማቅረብ አንዲት ልጅዋን የምታስተምር ሴት ናት። ልጅቱ በዚያ ክረምት ወደ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ለመግባት ትጠባበቅ ነበር። በዚያው ዓመት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ሌላ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር ስለ ተሰጠ፥ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ወደ እኛም መድረሱ አይቀርም» እያሉ ሐሳብ ገብቶአቸዋል። በእናትዋ ስልክ እንጂ በኪቦርድ ጽፋ የማታውቅ ልጅ በፈተናው ቀን እጅዋ ቢንቀጠቀጥ ማን ይፈርድባታል? እናቲቱ ዕቁብ ስለ ወጣላት ታብሌት ልትገዛላት ቈረጠች። ጊዜውም የችኰላ ጊዜ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስላደረገ፥ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ «ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዛሬ ካልተገዛ ነገ አይቀመስም» የሚል ወሬም ሰፈሩን ሞላው።

«ጋሼ፥ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ አይተው ይሻላል ያሉኝን እገዛለሁ» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። መታመን ደስ ያሰኛል።

ከአውራው መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገባን። ሻጩ ወጣት ካርቶኑን ከፈተና ታብሌቱን አውጥቶ ወደ ጐን አኖረው። ከዚያ በኋላ ሌላውን እያወጣ ይደረድር ጀመር፤ ኪቦርድ ያለበት ከቨር፥ ማውስ፥ በመስታወቱ ላይ የሚጻፍበት ብዕር፥ የጆሮ ማዳመጫ፥ ማቆሚያ፥ የመስታወት መከላከያ፥ ሚሞሪ ካርድ፥ ኪቦርድን ከስልክ ጋር የምታገናኝ አንዲት አጭር ገመድ። ጠረጴዛው ሞላ። «ይሄ ሁሉ በነፃ ነው ጋሼ!» አለ። በካርቶኑ ላይ 8 ጊጋ ባይት ራም፥ 256 ጊጋ ባይት ማከማቻ የሚል በትልልቅ ቍጥር ታትሞበታል፤ የፋብሪካውን ስም ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም። ዋጋው 11,500 ብር ነበር። እኔም በልቤ የማውሱን፥ የኪቦርዱን፥ የማዳመጫውን ዋጋ እየደመርሁ «ታብሌቱማ ራሱ በነፃ ሊመጣልን ነው» አልሁ።

አንባቢዬ፥ እዚህ ላይ ልብ በል። በሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ስንቈይ ታብሌቱን በእጄ ይዤ ያየሁት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረውን ጊዜ ምርቃቱን ስቈጥር አሳለፍሁት። ማውሱ ይሠራ እንደ ሆነ ጠቅ ጠቅ አድርጌ መርምሬአለሁ! ሻጩም «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 200 ብር እቀንስላችኋለሁ» ቢል እናቲቱ ዐይን ዐይኔን አየች፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

እስከ ጥቅምት ድረስ ነገሩ መልካም መሰለ። ልጅቱ የትምህርት መጻሕፍትዋንና የአስተማሪዎችዋን ማስታወሻ ጫነችበት። ከዚያ በኋላ የጫነችው ሁሉ እየተበላሸ አልከፈት አለ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የከፈተች እንደ ሆነ ይደርቃል፤ ባትሪውም ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ጥገና የሚያውቅ አንድ የሰፈር ልጅ ፈትቶ ቢያየው 256 የተባለው ማከማቻ 32፥ 8 የተባለውም ራም 2 ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ይህ እንዴት እንደሚደረግ ብታውቀው ይጠቅምሃል። በታብሌቱ ውስጥ ስለ መሣሪያው የሚናገረው ገጽ ቍጥሩን የሚያገኘው በፋብሪካው ከተጫነለት ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ የሠራው ሰው ልቡ የወደደውን ቍጥር እንዲናገር ሊያደርገው ይችላል። ዕቃው «256 አለኝ» ይላል፤ እስከ 32 ድረስም እውነተኛ መስሎ ይኖራል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረበት እንደ ሆነ የፋይሉ ስም ይታያል እንጂ ውስጡ የለም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ትልልቅ ፊልሞችን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፥ መጀመሪያና መጨረሻ የተጫኑትን መልሶ መክፈት ብቻ ነው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ዕውቀት አይጠይቅም። እኔ ያን ጊዜ ለማውሱ ሰጠሁት።

እዚህ ላይ ዕቃው ርካሽ በመሆኑ የምነቅፈው እንዳይመስልህ። ሁለት ጊጋ ባይት ራም ያለው መሣሪያ ውርደት የለበትም። ጉግል በ2010 ዓ.ም. ዐቅማቸው አነስተኛ ለሆኑ መሣሪያዎች ሲል አንድሮይድ ጎ የተባለውን ቀለል ያለ ሥርዐት አውጥቶአል፤ መጽሐፍ ለማንበብ፥ ጥቂት ለመጻፍ፥ ጥያቄ ለመሥራት ይበቃል። ያው ታብሌት «እኔ ሁለት ነኝ፤ ማከማቻዬም 32 ነው» ብሎ በልኩ ዋጋ ቢሸጥ ኖሮ ልጅቱ መጻሕፍትዋን በ32ቱ ልክ ትጭን ነበር፤ አንድም ገጽ አይጠፋባትም ነበር። የጐዳት የዕቃው ትንሽነት አይደለም። ትንሽነቱን መደበቁ ነው።

ወደ ሱቁ ብንመለስ ወጣቱ «እኔም እንደ ታሸገ በካርቶን ነው የተረከብሁት፤ ውስጡን በምን ዐውቃለሁ?» አለን። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ኀላፊ መሆኑን ይናገራል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 813ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎአል። ይህን ሁሉ ላስረዳው ጀመርሁ። እርሱም በትሕትና «ደረሰኙን ያሳዩኝ ጋሼ» አለኝ። ዝም አልሁ። በዚያች 200 ብር መንግሥትን ስናታልል እኔና እርሱ ተባባሪ ነበርን፤ አሁን አንደኛው አታላይ ሌላውን ሕግ ጥቀስልኝ ሊለው ነው። ስወጣ የተሰማኝን ኀፍረት መግለጽ አልችልም።

ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ክርክር አስቀምጦአል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ሆኖ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ በመርከብ እህል ያመጣል፤ ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ጭነው ከኋላው በመምጣት ላይ መሆናቸውንም ያውቃል። ይህን ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸውን ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋንስ የተባለው ፈላስፋ፥ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጕድለት ከተናገረና ካላታለለ ይበቃዋል፤ አለመናገር መደበቅ አይደለም ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሰዎች ሁሉ በማኅበር የተሳሰሩ ስለ ሆኑ ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ሊያውቀው ይገባል ብሎ ይመልሳል። ሲሴሮ የፈረደው ለአንቲጳጥሮስ ነው።

በወጣትነቴ ይህን ሳነብ እኔም ለአንቲጳጥሮስ ፈርጄ መጽሐፉን ዘጋሁት። አሁን ግን ክርክሩ የእኛን ገበያ ሙሉ በሙሉ የማይነካበት ቦታ እንዳለ አያለሁ። የሮድሱ ነጋዴ ያውቃል። በእኛ ነገር ግን ከፋብሪካው በቀር በእርግጥ የሚያውቅ ማን ነው? አስመጪው ዋጋው ለምን እንደ ረከሰ ይጠረጥራል እንጂ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ ማወቅ ይመጣበታላ! ባለሱቁ እንደ ታሸገ ይረከባል። አማካሪው፥ ማለት እኔ፥ ማውስ ይነካካል። እንዲህ እያለ አለማወቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሄዶ ሄዶ ጕዳቱ የሚያርፈው ከሁሉ ይልቅ ከነገሩ ሩቅ በሆነችው፥ ሌሊት ተነሥታ ምጣድ በምታሰማው ሴት ላይ ነው። በመካከል ያለነው ሁላችን «አላውቅም ነበር» ለማለት እንችላለን። እውነትም ነው። ነገር ግን ለማወቅ የሚበቃ ጊዜና ዐቅም እያለው ሳይመለከት የቀረ ሰው አለማወቁ ነፃ ያወጣዋልን? እኔን አላወጣኝም።

ምርቃቱስ ለምን አሳወረኝ? ብዙ ካሰብሁ በኋላ የደረስሁበት ይህ ነው። መቍጠር ከመመዘን ይቀላል። ስምንት ዕቃ በጠረጴዛ ላይ ሲደረደር ሕፃንም ይቈጥረዋል። ያንዱን ዕቃ ውስጣዊ ባሕርይ ለማወቅ ግን መታገሥ፥ መጠራጠር፥ ሻጩን ማስቈጣትም ያስፈልጋል። ዐይናችን የሚቀለውን ሥራ ወዶ ከባዱን ሲተው፥ አእምሮአችን ሥራው የተሠራ መስሎት ይረካል።

አባቴ እንዲህ አልነበረም። በሰፈራችን አጠና ተራ የሚባል የባሕር ዛፍ እንጨት የሚሸጥበት ስፍራ አለ። አባቴ ቤታችንን ሲሠራ ከዚያ ማገር ለመግዛት ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ እስሩን ሳያስፈታም አይገዛም። ቀጥ ቀጥ ያለውን ከውጭ፥ ጠማማውንና ቀጭኑን ከመካከል አድርገው የሚያስሩ እንዳሉ ያውቃልና። ሻጮቹ «ኧረ ሰውዬ ይበቃሃል» እያሉ ሲቈጡት እኔ አፍር ነበር። እርሱ ዝም ብሎ ገመዱን ይፈታል፤ እንጨቱን አንድ በአንድ በመሬት ላይ ያንከባልላል፤ የማይረባውን ለይቶ «አሁን ስንት ትለኛለህ?» ይላል። በትምህርት ከእርሱ የምበልጥ እኔ የታሰረውን እንደ ታሰረ አስገዛሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መርካቶ ወርጄ የእነዚያን ተጨማሪ ዕቃዎች ዋጋ እያንዳንዱን ጠየቅሁ። ሁሉም ተደምሮ 2,000 ብር አልደረሰም። እንግዲህ ታብሌቱ ብቻውን ከ9,300 ብር በላይ ተሸጦልናል ማለት ነው። ያ ወጣት ባዶውን ታብሌት ይዞ «ስሙን የማታውቁት ፋብሪካ የሠራው ነው፤ 9,300 ብር ስጡኝ» ቢለን ኖሮ ሥቄ አልፈው ነበር። ይህን ስሌት በሱቁ ውስጥ ለመሥራት እርሳስ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ብነግረው «ድኻ ምን ምርጫ አለው? የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ብሎ ተከራከረኝ። ንግግሩ ከፊሉ እውነት ነው። ሃምሳ ሺህ ብር ያለው ሰው ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ጐረቤቴ ግን ሌላ የዕቁብ ዕጣ እስኪደርሳት መጠበቅ አለባት። ታዲያ ከዚህ የሚከተለው ለድኻ የሚመዘነው ሚዛን ይጥበቅ ማለት እንጂ ይላላ ማለት እንዴት ይሆናል? ደግሞም ምርጫ የለም የሚባለው ሁሉ እውነት አይደለም። በዚያው ገንዘብ ስሙ ከሚታወቅ ፋብሪካ የወጣ፥ ሰው የተጠቀመበት ታብሌት በመርካቶ ፈልጎ ፈትኖ መግዛት ይቻል ነበር። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አራት ኪሎ አለ፤ ምንም እንኳ ከኮልፌ የታክሲው ገንዘብና ሰልፉ ቀላል ባይሆን።

ዕቃ ሲበዛ ትምህርት ይበዛል ብሎ ለሚያስብ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ተነሥቶ በወሊሶ በኩል የሚሄድ ሰው ወንጪ ይደርሳል። በ2004 ዓ.ም. ለያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ የሚል ስም ያለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፥ በየመንደሩ ሃያ ለሚያህሉ ፊደል ላልቈጠሩ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባለ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልነበረም፤ ከታብሌቱ ጋር የተሰጠው ከፀሐይ ኀይል የሚሞላ ቻርጀር ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥም ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የተናገሩት ሰጪዎቹ ራሳቸው ስለ ሆኑ ወሬውን በመጠን መቀበል ይገባል። ሆኖም ለልጆቹ የደረሳቸው በካርቶኑ ውስጥ ያለው አንድ ዕቃ ነበር፤ እርሱም የተባለውን ያህል ነበረ።

አሁን ደግሞ ሐሳቤን የሚያውክብኝን ነገር ሳልደብቅ ልጻፈው። ታብሌቱ ከቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ሲለብስ ኪቦርዱ ግን አልሞተም። ልጅቱ በዚያች አጭር ገመድ ከእናትዋ ስልክ ጋር አገናኝታ መጻፍ ተማረች፤ የእንጀራውን ሒሳብ፥ የየምግብ ቤቱን ዕዳ፥ ሁሉን ማታ ማታ ትጽፋለች። ዛሬ ጣቶችዋን ሳታይ ትጽፋለች። ስለዚህ «ምርቃቱ ከንቱ ነው» ብዬ ልፈርድ አልችልም፤ ከንቱ የሆነው የተመረቀበት ነው። ይህን ያህል ለመማር ከ1,000 ብር በታች በበቃት ነበር።

ለእናቲቱ የኪሳራዋን ግማሽ ልክፈል ብዬ ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ወሰድሁ። አልቀበልም አለች። «እርስዎ አንድ ሳንቲም አልወሰዱብኝ፤ ዐይንዎን ነው ያዋሱኝ» አለችኝ። እኔም «እኅቴ፥ የበደለሽ እርሱ ነው እኮ፤ ያ የተዋስሽው ዐይን» አልኋት። ሣቀች፤ ፖስታውን ግን መለሰችው። ምክር በነፃ የሚሰጥ ሰው ምክሩ ቢበላሽ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ገንዘብ ስላልተቀበለ የለበትም የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን በነፃ ስለ ሰጠሁ ሳልመረምር መስጠቴ እንዳልተሰማኝ አስታውሳለሁ፤ በነፃ የሚመጣውን ዕቃ ሳልመረምር እንደ ተቀበልሁት ሁሉ። ፖስታው እስከ አሁን በመጽሐፌ ውስጥ ነው።

በያዝነው ዓመት እናቲቱ እንደ ገና ዕቁብ ወጣላትና ሦስታችን መርካቶ ወረድን። ምክር የጠየቀኝ አልነበረም፤ እንድሄድ የለመንሁ እኔ ነኝ። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ ኪቦርዱን፥ ማውሱን፥ ብዕሩን ይደረድር ጀመር። ልጅቱ «ወንድሜ፥ እነሱን ወደ ካርቶኑ መልስልኝና ታብሌቱን ብቻ ስጠኝ» አለችው። ተቀብላ አበራችው፤ ከስልክዋ ትልልቅ ፊልሞች ልትጭንበት ገመድ አወጣች። ሻጩ «ይሄ ምን ያደርግልሻል? ሰው ይጠብቀኛል» አለ። እርስዋም «እሺ፤ ያለ ምርቃቱ፥ ታብሌቱ ለብቻው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ለብቻው አይሸጥም» አላት።

እናትዋ ነጠላዋን አስተካከለችና ቀድማን ወጣች። ታክሲ እስክናገኝ ሁለት ሌሎች ሱቆችን ጠየቅን፤ ያን ቀን ሳንገዛ ወደ ኮልፌ ተመለስን።